እህቴ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ የልብ ሕመም ይሆን? በየወሩ የሚሰጠው የፔኒሲሊን መርፌስ ያሰጋል?

ጠያቂ፦ የጋይንት ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ስለ ታናሽ እህቴ ነው። ዕድሜዋ 13 ዓመት ሲሆን ከወላጆቻችን ጋር በደቡብ ጎንደር ገጠር ትኖራለች። እኔ የምሠራው አዲስ አበባ ስለሆነ የምነግራችሁ እናቴ በስልክ ያጫወተችኝንና ለፋሲካ አገር ቤት ስሄድ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

አምና ክረምት ላይ ጉልበቷ አብጦና ቀልቶ ነበር። ጥቂት ቀን ቆይቶ ጉልበቷን ሲተዋት ቁርጭምጭሚቷን ያዛት፤ ከዚያም ወደ ክርኗ ዞረ። ትኩሳትም ነበራት። እናታችን ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሸታ ሰጠቻት፤ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ የሕመም ማስታገሻም ዋጠች፤ ብዙም ሳይቆይ ሕመሙ ጠፋና ሁላችንም ረሳነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ወደ ትምህርት ቤቷ የሚወስደውን ዳገት ከጓደኞቿ እኩል መውጣት ተስኗታል። አብሬያት ስሄድ እንዳየሁት ዳገቱ አጋማሽ ላይ ስትደርስ ጫማዋን የምታስተካክል መስላ ጎንበስ ትልና ትንፋሿ እስኪመለስ ትቆያለች፤ ጓደኞቿ እንዳያዩባት ነው መሰለኝ። ሌሊት ታስላለች፤ ስትተኛም ትራስ ትደራርባለች። መጀመሪያ የወሰዷት አንድ የግል ክሊኒክ አስም ነው ብሎ የሚነፋ መድኃኒት ሰጣት፤ ለውጥ አላመጣም።

በቅርቡ ጤና ጣቢያ ስትታይ የመረመራት ባለሙያ ልቧ ላይ ድምፅ እንደሚሰማ ነግሮ ለልብ አልትራሳውንድ ሪፈር ጻፈላት። በየወሩ የምትወጋው የፔኒሲሊን መርፌ ሊያስፈልጋት እንደሚችልም ገለጸ። ከዚህ በኋላ ቤተሰቡ መስማማት አቃተው። አጎታችን በአካባቢያቸው አንዲት ልጅ ይህንኑ መርፌ እንደተወጋች እዚያው ሕይወቷ ማለፉን እየጠቀሰ በፍጹም አትወጋም ይላል። እናታችን ፀበል ትወሰድ ትላለች። አባታችን ደግሞ ክረምቱ ወጥቶ፣ እህሉ ገብቶ፣ እጃችን ላይ ገንዘብ ሲኖር እንወስዳታለን ባይ ነው። ጥያቄዬ እነዚህ ምልክቶች በእርግጥ የልብ ሊሆኑ ይችላሉ ወይ የሚል ነው። ከሆኑስ እስከዚያ መቆየት ይቻላል? መርፌውንስ በተመለከተ ለአጎቴ ምን ልበለው? የምታውቁ ብትመልሱልኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ ሲስተር ከደሴ

ወንድሜ፣ ልጅቷን ሳላያት በሽታዋ ይህ ነው ማለት አልችልም፤ ነገር ግን የጻፍከው ታሪክ ጤና ጣቢያ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ለሠራን ነርሶች እንግዳ አይደለም። ትኩሳት ያለበትና ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዞር ሕመም፣ ወራት ቆይቶ ዳገት ላይ የትንፋሽ ማጠር፣ የሌሊት ሳልና ትራስ መደራረብ፣ በመጨረሻም ልብ ላይ የሚሰማ ድምፅ ሲገጣጠሙ በአገራችን መጀመሪያ የምንጠረጥረው ሩማቲክ የሚባለውን የልብ ሕመም ነው። የመገጣጠሚያው ሕመም በማስታገሻ ቶሎ መጥፋቱ አያጽናናም፤ ይህ ሕመም መገጣጠሚያን አሳብጦ ያለ ጠባሳ ይተወዋል፤ ልብ ላይ ግን ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል።

ነገሩ የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ጉሮሮ ያጠቃል። ሰውነት ይህን ባክቴሪያ ለመዋጋት ያሰለፈው መከላከያ በአንዳንድ ልጆች ላይ የራሱን አካል ከጠላቱ መለየት ያቅተውና ከጉሮሮው ሕመም 2 ወይም 3 ሳምንት ያህል ቆይቶ መገጣጠሚያን፣ አንጎልንና ልብን ይነካል። ልብ ውስጥ በዋናነት የሚጎዱት ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከፈቱና የሚዘጉት ቫልቮች ናቸው፤ ከእነርሱም በግራ በኩል ያለው ሚትራል የሚባለው ቫልቭ ከሁሉ በፊት ይያዛል። ጉሮሮው በታመመ ጊዜ ሁሉ በሽታው ከተደጋገመ ቫልቩ እየወፈረ፣ እየተጣበቀና እየጠበበ ይሄዳል፤ ወይም በደንብ መግጠም አቅቶት ደም ያፈሳል። ያን ጊዜ ደሙ ወደ ሳንባ ይጠራቀማል፤ እህትህ ስትተኛ የምታስለውና ትራስ የምትደራርበውም በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ደም የቀላቀለ አክታ ሲመጣ ደግሞ ሳንባ ነቀርሳ ተብለው ወራት የሚያጡ ሕሙማን አሉ፤ አስም የተባሉትማ ብዙ ናቸው።

ይህን የሚያነቡ ሌሎች ወላጆችም ስለሚኖሩ ስለ ጉሮሮው ትንሽ ልጨምር። በድንገት የሚጀምር፣ ትኩሳት ያለው፣ ምራቅ ለመዋጥ እንኳ የሚያስቸግርና አንገት ሥር እጢ የሚያሳብጥ የጉሮሮ ሕመም፣ ሳልና ንፍጥ ከሌለበት፣ የባክቴሪያ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ ልጁ በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ መታየት አለበት። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተጀመረ የልቡን ጣጣ መከላከል ይቻላል። ሕክምናው አንድ ጊዜ የሚሰጥ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ወይም ለ10 ቀን የሚዋጥ መድኃኒት ነው። በ3ኛው ቀን ልጁ ተሽሎት መሮጥ ሲጀምር የቀረውን መድኃኒት ለሌላ ጊዜ ብሎ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ግን ባክቴሪያውን ሳይጨርሱ እንደ መተው ነው። እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል ማስፈንዳት ባክቴሪያውን አያጠፉም፤ መድማትንና ሌላ ኢንፌክሽንን ግን ያመጣሉ። በዚህ ጉዳይ ከእናቶች ጋር በየጊዜው እንከራከራለን፤ መከራከራችንንም አናቆምም።

ሌላም ሳይታወቅ የሚያልፍ ምልክት አለ። አንዲት እናት ልጇን ይዛ ስትመጣ ሁለት ደብተር ይዛ ነበር፤ አንዱ በመስከረም፣ ሌላው በጥር የተጻፈ። በመጀመሪያው ላይ ፊደሎቹ መስመራቸውን ጠብቀው ተደርድረዋል፤ በሁለተኛው ላይ ግን እየዘለሉና እየተጋደሙ መስመሩን ስተዋል። ልጅቷ ሲኒ ከእጇ ይወድቅባታል፤ ትከሻዋና ፊቷ ያለፈቃዷ ይንቀሳቀሳል፤ ምክንያት ሳይኖር ታለቅሳለች። መምህሯ ሰነፈች ብሎ ቀጥቷታል፤ ጎረቤት ደግሞ ለክፎባታል ብሏል። ይህም የዚያው የጉሮሮ ሕመም መዘዝ ሲሆን መገጣጠሚያ ሳያም ብቻውን ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ያለች ልጅ ልቧ ሳይታይ መቅረት የለበትም።

ሪፈሩን የጻፈው ባለሙያ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። አባታችሁን አክብረህ፣ ነገር ግን አጥብቀህ አስረዳቸው፤ ክረምቱ እስኪወጣ አይቆይም።

መልስ፦ ባለ ቫልቭዋ

ወንድሜ፣ እኔ የዚህ በሽታ ታማሚ ነኝ፤ ስለ እህትህ ሳነብ የራሴን የልጅነት ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። እኔም በትምህርት ቤት ዘመኔ ቁርጥማት አለባት፣ ደም ማነስ አለባት እየተባለልኝ አደግሁ። የልብ ሕመም እንዳለብኝ የታወቀው አግብቼ የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ ነው። እርግዝናዬ እየገፋ ሲሄድ ጋደም ማለት አቃተኝ፤ ግድግዳ ተደግፌ ነበር የማድረው። ሐኪሞቹ በኋላ እንዳስረዱኝ በእርግዝና ጊዜ በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወረው ደም ከወትሮው በግማሽ ገደማ ስለሚጨምር ጠቦ የኖረ ቫልቭ ያን ሁሉ ደም ማሳለፍ ያቅተዋል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔም ልጄም ተርፈናል፤ ብዙ እናቶች ግን አልተረፉም። እህትህ ገና 13 ዓመቷ ነው፤ ዛሬ ከታወቀላት ነገ የሚድነው የእርሷ ሕይወት ብቻ ላይሆን ይችላል። በአካባቢያችሁ ልጃገረዶች በለጋ ዕድሜ ስለሚዳሩም ሕመሟ ሳይታወቅ ወደ ትዳር እንዳትገባ ወላጆችህ ይህን ጭምር እንዲያስቡበት ንገራቸው።

ከወሊድ በኋላ ቫልቬ በሰው ሠራሽ ብረት ተቀይሮልኛል። ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል ደረቴ ውስጥ እንደ ግድግዳ ሰዓት ሲቆጥር ይሰማኛል። በቀዶ ጥገናው ታሪኩ አላበቃም። የብረቱ ቫልቭ ላይ ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ዕድሜ ልኬን እወስዳለሁ፤ ደሜ ለመርጋት የሚወስደው ጊዜም በየወቅቱ አይኤንአር በሚባለው ምርመራ ይለካል። ልኬቱ ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ስትሮክ ያመጣል፤ ሲበዛ ደግሞ ያደማል።

እኛን ጾመኞችን በቀጥታ የሚመለከተን ጉዳይ ስላለ ልንገራችሁ። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በቫይታሚን ኬ የበለጸጉ ናቸው፤ ይህ ቫይታሚን ደግሞ የዋርፋሪንን ሥራ ያዳክማል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥጋና እንቁላል ይቀሩና ጎመኑ በየቀኑ ይሆናል፤ በዚያን ወቅት የእኔ ልኬት ይወርዳል። ፋሲካ ሲደርስ ጎመኑ ሲቀር መልሶ ይወጣል። መፍትሔው ጎመንን እርግፍ አድርጎ መተው አይደለም፤ በየሳምንቱ የሚበላውን መጠን ማመጣጠንና ጾም ሲገባና ሲፈታ ደምን ማስለካት ነው። ለቁርጥማትና ለራስ ምታት ከሱቅ የሚገዙት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ከዋርፋሪን ጋር ሲገናኙ ያደማሉ። ምን እንደያዘ ያልታወቀ የባህል መድኃኒትም እንዲሁ ያሰጋል።

እናታችሁ ፀበል ትሂድ ማለታቸው የእናት ሐሳብ ነው፤ እኔም እጠመቃለሁ። ለንስሐ አባቴ ነገሩን ስነግራቸው መድኃኒቴን ሳላቋርጥ እንድጠመቅ፣ ጠዋት የምውጠው ኪኒንም ጾሜን እንደማያፈርስብኝ ነግረውኛል። እናታችሁም የራሳቸውን አባት ቢጠይቁ ልባቸው የሚያርፍ ይመስለኛል። ብቻ ፀበል ቦታ ወርዳ ለቀናት መድኃኒት ሳትወስድ እንዳትቆይ።

መልስ፦ የሜሪላንዱ ተሳታፊ

ይህ ርዕስ የእኛንም ቤት ይመለከታል። አዲስ አበባ የምትኖር አክስቴ የሚትራል ቫልቭ መጥበብና የልብ ምት መዘበራረቅ አለባት፤ ዋርፋሪን ትወስዳለች። ለምርመራ መመላለሱ ስለሰለቻት በየጊዜው ደም መለካት የማያስፈልገውን አዲሱን ደም ማቅጠኛ ከዚህ ገዝተን ልንልክላት አስበን ነበር። ሐኪም ካለ አስተያየቱን እንዲሰጠን በትሕትና እጠይቃለሁ። እኛ እዚህ ስለ ልብ ጤና የምንሰማው ስለ ቅባት፣ ስለ ስኳርና ስለ እንቅስቃሴ ብቻ ነው፤ ይህኛው ሕመም ከዚያ የተለየ መሆኑን ያወቅሁትም በእርሷ ምክንያት ነው።

መልስ፦ የሕጻናት ሐኪም

በመጀመሪያ ለጠያቂው። ሲስተር የጻፉት ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው የጊዜውን ጉዳይ ነው። ልጅቷ ጋደም ስትል የሚያስላትና ትራስ የምትደራርብ ከሆነ ልቧ ምናልባት መድከም ጀምሯል ማለት ነው፤ ስለዚህ ጉዞው በቀናት ውስጥ እንጂ በወራት ሊታሰብ አይገባም። በዚህ መሐል እግሯ ካበጠ፣ አረፋማ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካወጣች፣ ራሷን ከሳተች ወይም በአንድ ጎኗ እጅና እግሯ በድንገት ከዛለ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ትወሰድ። ለሳምንት ያህል የማይለቅ ትኩሳት ከያዛትም ቸል አይባል፤ የተጎዳ ቫልቭ ላይ ባክቴሪያ ሊሰፍር ስለሚችል ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ለምርመራ ደም መወሰድ አለበት። በዚህም ምክንያት የጥርስ ንጽሕና ለእነዚህ ልጆች ከሌላው ልጅ ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል፤ ባክቴሪያው ብዙ ጊዜ የሚገባው በተበላሸ ጥርስ በኩል ነውና።

ኢኮ የምንለው የልብ አልትራሳውንድ አያምም፣ መርፌም የለውም፤ ነፍሰ ጡርን የሚያዩበት ዓይነት መሣሪያ ነው። የትኛው ቫልቭ እንደተጎዳ፣ ጠቦ ወይም አፍስሶ እንደሆነና የልቡ ጡንቻ አቅም ምን ያህል እንደሆነ ያሳያል። ለእናንተ አካባቢ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይህን ምርመራ ይሠራል።

አሁን ወደ መርፌው ልምጣ፤ አጎትዎ የሚናገሩት ፍርሃት ከባዶ የተነሣ ስላልሆነ በቁጣ ሳይሆን በማስረጃ ሊመለስላቸው ይገባል። በየወሩ የሚሰጠው ያው ሲስተር የጠቀሱት የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ነው፤ ዓላማውም ጉሮሮው ዳግም በባክቴሪያው ተይዞ ቫልቩ ይበልጥ እንዳይጎዳ መከላከል ነው። ከዚህ መርፌ በኋላ የሞቱ ሕሙማን አሉ። በዚህም የተነሣ ሕዝቡ ብቻ ሳይሆን አንዳንድ የጤና ባለሙያዎችም መርፌውን መስጠት ይፈራሉ። ለረጅም ጊዜ ሞቱ ሁሉ የፔኒሲሊን አለርጂ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። ከባድ አለርጂ ግን በጣም ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያጋጥም ነው፤ ጉዳዩ በጥልቀት ሲታይ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ቀድሞውኑ ቫልቫቸው ክፉኛ የተጎዳ ሕሙማን ሆነው ተገኝተዋል። እንዲህ ያለው ልብ በሕመም፣ በድንጋጤና በደም ግፊት መውረድ ጊዜ ራሱን መደገፍ ያቅተዋል። ስለዚህም የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ከባድ የቫልቭ ጉዳት ወይም የልብ ድካም ላለባቸው ሕሙማን በመርፌው ፈንታ በአፍ የሚወሰድ ፔኒሲሊን እንዲታሰብ አሳስቧል። የቀሩት፣ ማለትም ጉዳታቸው ቀላል ወይም መካከለኛ የሆነው፣ መርፌውን ሊቀጥሉ ይገባል፤ በእነርሱ ላይ ጥቅሙ ከስጋቱ እጅግ ይበልጣልና።

ከዚህ ተነሥቼ ለእህትዎ የምመክረው ኢኮው ቀድሞ እንዲሠራ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚያያት ሐኪም በአፍ የሚወሰድ ፔኒሲሊን ሊያዝላት ይችላል። መርፌው ከተወሰነላት ደግሞ በባዶ ሆዷ አትሂድ፤ ቁርስ በልታ፣ ውኃ ጠጥታ፣ ጋደም ብላ ትወጋ። ከዚህ በፊት ለፔኒሲሊን አለርጂ እንደነበራት ትጠየቅ፤ የድንገተኛ መድኃኒት ያለበት ቦታ ትወጋ፤ ከተወጋች በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ትቆይ። ነርሷ ብልቃጡን በደንብ ነቅንቃ፣ ጡንቻ ውስጥ ቀስ ብላ ስትሰጠው ሕመሙ ይቀንሳል። ይህን ሁሉ አጎትዎ ባሉበት ቢነግሯቸው፣ ቢቻልም እርሳቸው ራሳቸው አብረዋት ቢሄዱ፣ ፍርሃታቸው ለልጅቷ ጥበቃ ይውላል።

የወር መርፌ ስለተባለ አንድ ነገር መታረም አለበት። መድኃኒቱ በደም ውስጥ የሚቆየው ቢበዛ ለ4 ሳምንት ስለሆነ ቀጠሮው በየ28 ቀኑ ነው፤ አንዳንዴም በየ21 ቀኑ ይሆናል። በእኛ አቆጣጠር ወሩ 30 ቀን በመሆኑ በየወሩ በ20ኛው ቀን የምትወጋ ልጅ በእያንዳንዱ ዙር 2 ቀን ያለ መከላከያ ትቆያለች። ከነሐሴ 20 እስከ መስከረም 20 ደግሞ ጳጉሜን ስለሚገባ 35 ቀን ይሆናል፤ ይህም ክረምቱ የሚያበቃበት፣ ልጆች ቤት ውስጥ ተጠጋግተው የከረሙበትና የጉሮሮ ሕመም የሚዛመትበት ጊዜ ነው። እኔ ለቤተሰቦች የምለው ቀኑን በወሩ ቁጥር አትያዙት፣ በሳምንቱ ዕለት ያዙት ነው። ገበያ ማክሰኞ ከሆነ በየአራተኛው ማክሰኞ ትሄዳለች፤ እናትየዋም ገበያ ስትወርድ አትረሳውም። ቫልቩ ላይ ቋሚ ጉዳት ከቀረ መከላከያው ቢያንስ ለ10 ዓመት ወይም እስከ 40 ዓመት ዕድሜ፣ ከሁለቱ የረዘመውን ያህል፣ ይቀጥላል። ረጅም ነው፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ፔኒሲሊን ዛሬም ይህን ባክቴሪያ በሚገባ የሚገድል፣ ዋጋው አነስተኛ፣ በየጤና ጣቢያው ሊሰጥ የሚችል መድኃኒት ነው። የልብ ቀዶ ጥገና ግን በአገራችን የሚሠራባቸው ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ልብ ሕሙማን ሕጻናት መርጃ ማዕከል ለብዙ ልጆች ሕይወት ደርሷል፤ ሆኖም ወረፋው ረጅም ነው፣ ወረፋ ሲጠብቁ የሚያልፉ ልጆችም አሉ። እኔን ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ ቀዶ ጥገና ከሚጠብቁት ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ መድኃኒቱ መንደራቸው ድረስ መጥቶ ሳለ ጉሮሯቸው ሳይታከም የቀረ መሆናቸው ነው።

ለሜሪላንዱ ተሳታፊ፦ እባክዎን መድኃኒቱን አይላኩ። በሩማቲክ ሕመም ቫልቫቸው ጠቦ የልብ ምታቸው በተዘበራረቀ ከ4,500 በላይ ሕሙማን ላይ ተሠርቶ በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሪቫሮክሳባን የሚባለውን አዲሱን መድኃኒት ከዋርፋሪን ዓይነቶቹ ጋር አነጻጽሮ ነበር። አዲሱ ይሻላል የሚል ግምት ቢኖርም በዋርፋሪን በኩል ያሉት ሕሙማን ያነሰ ሞት ታይቶባቸዋል። ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ ላላቸውም አዲሶቹ መድኃኒቶች አይሰጡም። አክስትዎን መርዳት ከፈለጉ ለምርመራው መመላለሻ ወጪያቸውን ይሸፍኑላቸው። ስለ ቅባትና ስለ እንቅስቃሴ የሚሰሙት ምክር የልብ ደም ሥር መጥበብን ይመለከታል፤ ለእርስዎና በእርስዎ ዕድሜ ላሉት ይጠቅማል። ደረትን ጨምድዶ የሚይዝ፣ ወደ ግራ እጅ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብ የሚያጠምቅ ሕመም ቢሰማዎት የደም ሥሩ ሊሆን ስለሚችል በየትኛውም አገር ቢሆኑ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

ጠያቂው፦ የጋይንት ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የዶክተሩን መልስ ለአባቴና ለአጎቴ በስልክ አነበብኩላቸው። አጎቴ ጥቂት ዝም ብሎ ልጅቷ በባዶ ሆዷ ነበረች ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ያቺን የሞተችውን ልጅ ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ጎንደር ድረስ እርሱ ራሱ እንደሚወስዳት ተናገረ፤ አባቴም ተስማማ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። እቤት ውስጥ ሁለት ታናናሾች አሉ፤ ከእርሷ ጋር በአንድ መደብ ነው የሚተኙት። በሽታው ይተላለፍባቸዋል? እነርሱስ መታየት አለባቸው?

መልስ፦ የሕጻናት ሐኪም

አጎትዎን እግዚአብሔር ያክብርልን። የልብ ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የጉሮሮው ባክቴሪያ ግን በሳልና በትንፋሽ በቀላሉ ይተላለፋል። አብረው የሚተኙ ልጆች ስለሚጋሩት ከመካከላቸው አንዱን ጉሮሮው ባመመው ቁጥር ሕክምናውን ሳይዘገይ እንዲጀምር አደራ እላለሁ። የሚቻል ከሆነ የመኝታቸውን መደብ ለየት ማድረግና መስኮቱን በቀን ከፍቶ ቤቱን ማናፈስ ይረዳል።

መታየታቸውን በተመለከተ አዎን፤ ታናናሾቹ ምንም ሕመም ባይሰማቸውም ቢያንስ ልባቸው በማዳመጫ ይደመጥ፤ አጋጣሚው ከተገኘ ደግሞ ኢኮ ይሠራላቸው። ጅምር ላይ ያለ የቫልቭ ጉዳት ብዙ ጊዜ በጆሮ አይሰማም፤ በኢኮ ግን ይታያል። በዩጋንዳ እንዲህ ያለ ድብቅ ጉዳት በተገኘባቸው 818 ልጆች ላይ ተሠርቶ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በየ4 ሳምንቱ ፔኒሲሊን ከተወጉት መካከል በ2 ዓመት ውስጥ ጉዳቱ የባሰባቸው 0.8 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ካልተወጉት መካከል ግን 8.2 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ቀድሞ ማየት ትርጉም አለው።

ሲሄዱ የሪፈር ወረቀቱንና የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያውን ይያዙ፤ ወረቀቱ ከሌለ መድኑ የሆስፒታሉን ወጪ ላይሸፍን ይችላል። እስካሁን የወሰደቻቸውን መድኃኒቶች፣ ያንን የሚነፋውን ጨምሮ፣ ከነማሸጊያቸው ይዛ ትሂድ። የኢኮው ውጤት በጽሑፍ ሲሰጣቸው ፎቶ አንሥተው ይላኩልዎትና እዚህ ያስቀምጡት፤ ስሟን ሸፍነው።